ማዳበሪያ ጨምረን ስንዴው ለምን አልጨመረም?

ስለ ስንዴና ስለ አፈር ለምነት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው ከማዳበሪያ ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ በሆነው በፎስፈረስ ላይ ስለሚያርፍ እኔም እዚያው እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ማሳችን ምዕራብ ጎጃም ነው፣ ቀይ አፈር። በየዓመቱ ማዳበሪያ እንጨምራለን፤ ምርቱ ግን ፈቀቅ አላለም። ማዳበሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እኔ ከማዳበሪያው በፊት አፈሩን ነው የምጠረጥረው። የአካባቢው ቀይ አፈር አብዛኛው አሲዳማ ነው፤ ዝናቡ ካልሲየሙን ለዘመናት አጥቦ ወስዶታል። ፒኤች (የአፈሩ አሲድነት መለኪያ፤ ዝቅ ሲል አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የስንዴውን ሥር ይጎዳል። ሥሩ አጥሮ፣ ወፍሮ ይቀራል። ይኸው አሉሚኒየምና ብረቱ ደግሞ የጨመራችሁትን ፎስፈረስ ጨምድደው ይይዙታል። ፎስፈረሱ አፈር ውስጥ አለ፤ ስንዴው ግን አያገኘውም።

ስለዚህ ሌላ ኩንታል ከመግዛታችሁ በፊት ፒኤቹን አስለኩ። ዝቅ ካለ ኖራ ያስፈልጋል። በደንብ የደቀቀ ይሁን። ሰኔ መጨረሻ የምትዘሩ ከሆነ ሚያዝያ ላይ በትናችሁ በእርሻ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት፤ ላዩ ላይ የቀረ ኖራ እምብዛም አይሠራም። መጠኑን ከጎረቤት አትቅዱ፣ የአፈር ምርመራው ይወስነዋል። ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ በቶን ስለሚቆጠር ማጓጓዙ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አቅም ካነሰ በአንድ ጥማድ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት፤ ለአባቴ የማዳበሪያ ብር እልካለሁ። አንዴ ዳፕ፣ አንዴ ኤንፒኤስ ይሉኛል። ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ፣ ግን አያስጨንቅሽ። 100 ኪሎ ዳፕ 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት (የማዳበሪያ ፎስፈረስ የሚቆጠርበት መልክ) ይይዛል። ኤንፒኤስ ደግሞ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ሰልፈር። ፎስፌቱ ቀነስ ብሎ ሰልፈር ገብቷል ማለት ነው። አባትሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ብሩ አንሶ ዩሪያ ብቻ እየገዙ እንዳይሆን። ዩሪያ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ነው፤ ፎስፈረስ የሚባል ነገር የለበትም።

ጥያቄ፦ ፎስፈረስ ማነሱን በዓይን መለየት ይቻላል?

መልስ፦ በመጠኑ። ቡቃያው ይቀጭጫል፣ ከአንዱ ዘር ብዙ አገዳ አያወጣም፣ ዘግይቶ ይደርሳል። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ወደ ሐምራዊ ሊያደሉ ይችላሉ። ብርድም እንዲህ ያደርጋል፣ ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አትመኑ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ግን መጀመሪያ ናይትሮጅንን ጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ፎስፈረሱን እንደ ዩሪያ ሁለት ጊዜ ከፍለን እንጨምረው?

መልስ፦ በፍጹም። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ከተቀመጠበት ቦታ የሚንቀሳቀሰው በሚሊሜትር ነው። ሥሩ ሄዶ ካላገኘው እሱ ወደ ሥሩ አይመጣም። ሙሉውን በዘር ጊዜ ጨምሩ፤ በመስመር የምትዘሩ ከሆነ ከዘሩ አጠገብ በዚያው መስመር ይግባ። ሲበተን ከብዙ አፈር ጋር ይነካካል፣ አሲዳማ አፈር ላይ ደግሞ ያ ማለት ብዙው ይያዛል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፍግ ማዳበሪያን ይተካል?

መልስ፦ በከፊል። 40 ኩንታል ስንዴ በፍሬው ብቻ ወደ 14 ኪሎ ፎስፈረስ ይዞ ከማሳው ይወጣል። ገለባው ለከብት ይሄዳል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ታዲያ ለማሳው ምን ተመለሰለት? የጓሮውን መሬት እዩት፤ ፍጉም አመዱም እዚያ ስለሚደፋ ነው ከሩቁ ማሳ የሚሻለው። አመድ ፎስፈረስና ፖታሲየም አለው፣ አሲድነትም ይቀንሳል። አትጣሉት።

ጥያቄ፦ የእኛ አፈር መረሬ (ውሃ የሚቋጥር ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው። ኖራ እንጨምር?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አያስፈልገውም። እዚያ ቅድሚያ ውሃውን ማጠንፈፍ ነው፤ ውሃ ያፈነው ሥር ማዳበሪያ አይስብም።

ጥያቄ፦ የአፈር ናሙና እንዴት ይወሰዳል?

መልስ፦ በማሳው ላይ እየተጠማዘዛችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ በ20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ውሰዱ። ከአውድማ፣ ከከብት ማደሪያና ከዛፍ ሥር አትውሰዱ። ቀዩንና ጥቁሩን አፈር ለየብቻ ያዙ። ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ቀላቅላችሁ አንድ ኪሎ ያህሉን ጥላ ላይ አድርቁና ላኩ። በማዳበሪያ ከረጢት ግን አትላኩት፤ ስፌቱ ላይ የቀረችው ፍርፋሪ ውጤቱን ታበላሻለች።