መልስ፦ ሙገሳ ለምን እንደ ብር ያስደስታል?

ወንድሜ፣ ደቦ ላይ ባለቤቱ ሰው ፊት «አንተማ አንበሳ ነህ» ሲልህ ከጠላውም ከንፍሮውም በላይ ደስ እንዳለህ ጽፈህ፣ ጤነኛ ነኝ ወይ ብለሃል። ጤነኛ ነህ! እኔም መንዝ ገብስ አጨዳ ላይ ያደግሁ ነኝና አውቃታለሁ፤ ወገብ እየተቆረጠ ማጭዱ የሚፈጥነው በዚያች ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የጃፓኖች ጥናት አለ። ሰዎችን የአንጎል ምስል ማንሻ ውስጥ አስተኝተው አንዴ ገንዘብ፣ አንዴ ሙገሳ ሰጧቸው። በሁለቱም ስትራያተም የሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ነቃ። ምስጋናም ብርም አንድ ኪስ ይገባሉ እንደማለት ነው (ባንክ ባይቀበላትም)።

ሁሌ የሚያሞግሰኝ ጎረቤት ለምን አያስደስተኝም ላልከው ደግሞ፣ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመነጩት ሴሎች ይበልጥ የሚነቁት ሽልማቱ ስለተገኘ ብቻ ሳይሆን ከጠበቅኸው ሲበልጥ ነው። ይሄ መጀመሪያ የታየው ጭማቂ በሚሰጣቸው ጦጣዎች ላይ ነው። የጠበቅኸው ልክ ሲቀርብህማ ከወትሮው በላይ አይነቁም። ለዚህ ነው የጎረቤትህ ሙገሳ እንደ ሰላምታ የሚያልፈው፣ ያ ፊቱ የማይፈታ ሽማግሌ ግን በዓመት አንዴ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግልህ ደብረ ብርሃን ገበያ ድረስ እየተንጎራደድክ የምትሄደው።