በአንድ ወረቀት የተጻፈ የባልና ሚስት ኑዛዜ ይጸናልን?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በባህላችን መሠረት ከተጋባን ከ30 ዓመት በላይ ሆኖናል። ሦስት ልጆች አፍርተናል፤ አንዷ አሜሪካ ትኖራለች፣ ዜግነትም ወስዳለች። ባለቤቴ ከእኔ በፊት የወለዳት አንዲት ሴት ልጅ አለችው። አዲስ አበባ የሚገኘውን ቤታችንን የሠራነው በትዳር ላይ ሳለን ቢሆንም ካርታው በእሱ ስም ነው። ባለፈው ዓመት «ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት ቤቱ ለቀሪው ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ለሦስቱ ልጆቻችን ይሁን» ብለን በአንድ ወረቀት አስጽፈን ሁለታችንም ፈረምን፤ ሦስት የእድር ሽማግሌዎችም በምስክርነት ፈርመዋል። ይህ ወረቀት ይበቃናል? እሱ ቢቀድመኝስ ከቤቴ የሚያስወጣኝ ይኖራል?

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ ሁለታችሁም በሕይወትና በጤና ሳላችሁ መጠየቅዎ እጅግ የሚደገፍ ነው፤ ምክንያቱም አሁን የጻፋችሁት ወረቀት ባለቤትዎ ባረፉ ጊዜ አያድንዎትም፣ ለማስተካከል ግን ጊዜው አላለፈም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 858 ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉት ኑዛዜ ዋጋ እንደማይኖረው ደንግጓል። ይህ ለባልና ለሚስትም ይሠራል። ኑዛዜ ተናዛዡ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ብቻውን አስቦ ሊለውጠው ወይም ሊሽረው የሚችል ፍጹም የግል ተግባር ስለሆነ፣ ሁለት ሰዎች ቃላቸውን በአንድ ወረቀት ሲያጣምሩ አንዱ የሌላውን ነጻነት ያስራል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ጉድለት ባይኖር እንኳ ሌላ አለ፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአንቀጽ 881 መሠረት በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በጽሑፉ ላይ መገለጽ፣ ወዲያውም ሁሉም መፈረም አለባቸው። የእናንተ ምስክሮች ሦስት ናቸው። በሦስተኛ ደረጃ፣ የባለቤትዎ የመጀመሪያ ልጅ በወረቀቱ ላይ ስሟ አለመነሣቱ ከውርስ አይነቅላትም፤ ተወላጁን ከውርስ ለመንቀል የሚፈልግ ተናዛዥ ይህንኑ በግልጽ ተናግሮ ምክንያቱንም በኑዛዜው ውስጥ ማስፈር ይኖርበታል።

እንግዲህ ባለቤትዎ የሚጸና ኑዛዜ ሳይተዉ ቢያርፉ ምን ይሆናል? ብዙ ሰዎች «የሟች ሚስት ወራሽ ናት» ብለው ያምናሉ። ያለ ኑዛዜ በሚደረግ ውርስ ግን በሕጋችን ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ወራሽ አይደሉም፤ በመጀመሪያ ደረጃ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ በአንቀጽ 842 መሠረትም እኩል ይካፈላሉ። እርስዎን የሚጠብቅዎት ሌላ ሕግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 63 በትዳር ጊዜ የሚገኝ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ ካርታው በእሳቸው ስም መሆኑ አያስፈራዎት፤ የቤቱ ግማሽ የእርስዎ ነው፣ የውርስ ሀብት የሚባለው የእሳቸው ግማሽ ብቻ ነው። ያ ግማሽ ለአራት ልጆች ሲከፈል እያንዳንዳቸው፣ ከትዳሩ በፊት የተወለደችውም ጭምር፣ የቤቱን አንድ ስምንተኛ ያገኛሉ። በስማቸው ባለው የባንክ ሒሳብም ላይ፣ ገንዘቡ በትዳር ጊዜ የተገኘ ከሆነ፣ ስሌቱ ይኸው ነው። ለእርስዎ የሚከፈለው የተተኪ ጡረታ ግን ከውርስ ሀብቱ ውጭ ነው።

የእኔ ስጋት ከስሌቱ ይልቅ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። የጋራ ባለሀብቶች ከሆኑት ወራሾች አንዱ እንኳ ክፍፍል ቢጠይቅና ቤቱ በዓይነት ሊከፈል የማይችል ቢሆን መጨረሻው መሸጥ ነው፤ እርስዎም የገንዘቡን ግማሽ ይዘው በእርጅናዎ የሚኖሩበት ቤት ያጣሉ። ልጆች ይህን በክፋት ብቻ አያደርጉትም፤ ዕዳ ያስገድዳቸዋል፣ የትዳር ጓደኞቻቸውም ይገፋፏቸዋል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። እርስዎና ባለቤትዎ ሁለት የተለያዩ ኑዛዜዎችን በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች፣ እያንዳንዳችሁ ስለ ራሳችሁ ድርሻ ብቻ፣ አድርጉ። ባለቤትዎ በኑዛዜያቸው የድርሻቸውን ባለቤትነት ለአራቱ ልጆቻቸው ትተው፣ እርስዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ በዚያው ድርሻ የመኖርና ኪራዩንም የመውሰድ መብት፣ ማለትም የአላባ መብት፣ ለእርስዎ ሊሰጡ ይችላሉ። ይህ መንገድ ልጆቹን ሳይነቅል እርስዎን በቤትዎ ያኖራል፤ አላባው በዕድሜዎ ፍጻሜ ያበቃና ልጆቹ ድርሻቸውን ያለ ገደብ ይይዛሉ። እርስዎም በኑዛዜዎ ለባለቤትዎ ይህንኑ ያድርጉላቸው። በጉዲፈቻ ካልተቀበሏት በቀር የባለቤትዎ የመጀመሪያ ልጅ የእርስዎ ወራሽ ስላልሆነች፣ የእርስዎ ግማሽ ለሦስቱ ልጆችዎ ይተላለፋል።

ኑዛዜውን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ብታደርጉት እመርጣለሁ። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን የሚያከናውን የሰነድ አረጋጋጭ ሹም ወይም ዳኛ ሲሆን ሁለት ምስክር ይበቃል፤ ኋላም «ፊርማው የእሱ አይደለም» የሚል ክርክር ቦታ አያገኝም። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር እንዳይሆን ተጠንቀቁ። በእጅ ጽሑፍ ማድረግም ይቻላል፤ ግን ተናዛዡ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን ሊገልጽበት፣ በየገጹም ቀን ጽፎ ሊፈርምበት ይገባል፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በአዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠም ቀሪ ይሆናል። በቃል የሚደረገው ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ጥቃቅን ስጦታና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ስለ ማሳደግ ካልሆነ በቀር ለቤት አይጠቅምም፤ ስለዚህ «አልጋ ላይ ሆኜ እናገራለሁ» ማለት እጅግ አደገኛ ነው።

ከኑዛዜው እኩል የሚያስፈልግዎት የጋብቻ ማስረጃ ነው። በባህላዊ ሥርዓት ተጋብታችሁ የምስክር ወረቀት ካልያዛችሁ፣ ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ አብራችሁ ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ቀርባችሁ አስመዝግቡ። አንዱ ካረፈ በኋላ ጋብቻን በምስክር ማስረዳት የሚቻል ቢሆንም፣ በሐዘን ላይ ያለች ሴት ሚስትነቷን በፍርድ ቤት እንድታስረዳ መገደዷ የሚያሳዝን ነገር ነው።

አሜሪካ ያለችው ልጅዎ የውጭ ዜግነት መውሰዷ ወራሽነቷን አያስቀርም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሰጠው መብት ለመጠቀም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ብትይዝ ይጠቅማታል፤ መምጣት ካልቻለችም በኤምባሲ በኩል ለምታምነው ሰው ውክልና ትላክ። ባለቤትዎ ራሳቸው ለማንም የሰጡት ውክልና ካለ ግን በሞታቸው የሚቀር መሆኑን ለተወካዩ ንገሩት፤ ከሞት በኋላ በዚያ ውክልና ቤት የሸጠ ወይም ገንዘብ ያወጣ ሰው ራሱንም ቤተሰቡንም ወደ ክስ ያስገባል።

ባለቤትዎ ቀድመው ቢያርፉ፣ ልጆቹ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 መሠረት የወራሽነት ምስክር ወረቀት በአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ይጠይቁ። ያለዚህ ባንክ ገንዘብ አይከፍልም፣ ካርታም አይዛወርም። ሀብቱ ከመከፋፈሉ በፊት የቀብር ወጪ፣ የማጣራት ወጪና የሟች ዕዳ ይከፈላል። በማመልከቻው ላይ የመጀመሪያዋ ልጅ ስም እንዳይዘለል አጥብቄ እለምናለሁ። እሷን ደብቆ የወጣ ምስክር ወረቀት በፍርድ ቤት ሊሰረዝ ይችላል፤ መብቷንና ንብረቱ በሌላ እጅ መሆኑን ካወቀች ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት ድረስም ወራሽነቷ ታውቆ ንብረቱ እንዲመለስላት መጠየቅ ትችላለች። አባቷ በሕይወት ሳሉ የኑዛዜውን ሐሳብ ራሳቸው ቢነግሯት ደግሞ ይበልጥ የተሻለ ነው።

ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ስትሄዱ የሁለታችሁን መታወቂያ፣ የካርታውን ቅጂና የጋብቻውን ምስክር ወረቀት ያዙ፤ በአዲሶቹ ኑዛዜዎች ላይም ያለፈው ዓመት ወረቀት መሻሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስጽፉ።