እኩይዋ ገፀ ባሕርዬ ለምን አታጓጓም?

ጥያቄ፦ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ምኞቴ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መጻፍ ነው። ለሥራ ማመልከቻ ባዘጋጀሁት ናሙና ውስጥ አንዲት የፒያኖ መምህርት አለች፤ ተማሪዋን ታላቅ ባለሙያ አደርጋለሁ በሚል አባዜ የልጁን ቤተሰብ ትበትናለች። ያነበቡት ሁሉ «እብድ ናት እንጂ አታጓጓም» አሉኝ። በልጅነቷ የደረሰባትን በደል ጨምሬ ብጽፍም ለውጥ የለም። ሙያው የእኔ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ ከአንድ ገፀ ባሕርይ ተነስተሽ ወደዚያ አትዝለይ። እንዲያውም «አታጓጓም» ብሎ የሚነግር አንባቢ ማግኘትሽ ዕድል ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚሰማው «ጥሩ ነው፣ በርቺ» የሚለውን ነው፤ እሱ ደግሞ ማንንም ጸሐፊ አያደርግም።

በመጀመሪያ ስለ ልጅነት በደሉ። ጀማሪዎች ገፀ ባሕርይ ሲደክምባቸው ሮጠው የሚደርሱት እዚያ ነው። «ብሬኪንግ ባድ» በተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ከዶሮ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ የሚመራውን ገስ ፍሪንግን ተመልካች የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። የበቀሉ ምንጭ የሆነውን የወዳጁን ግድያ ያሳዩን ግን በ2011 በአራተኛው ምዕራፍ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ተመልካቹ ቁስሉን ሳያውቅ ተከትሎታል። የያዘው የሰውየው አሠራር ነበር፦ የተስተካከለው ክራባት፣ ለደንበኛ የሚያሳየው ትሕትና፣ አንድ ቃል የማያባክነው አንደበቱ።

እኔ እንደማምነው፣ አባዜ የሚያጓጓው የሰውየውን ትልቁን ችሎታ ሲበላበት ስናይ ነው። የገስ ችሎታ ጥንቃቄ ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ማብቂያ አካባቢ መኪናው ላይ ቦምብ ተጠምዶበታል። ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ መኪናው ሲያመራ መንገድ ላይ ቆም ይላል፣ ዙሪያውን ይቃኛል፣ አንዳች ማስረጃ ሳይኖረው ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ሊገድለው ይችላል? በሚቀጥለው ክፍል ያን ወዳጁን የገደለውን የድሮ ጠላቱን ሄክተር ሳላማንካን ሊገድል ይሄዳል። ሄክተር በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ፣ ከደወል በቀር መናገሪያ የሌለው ሽማግሌ ነው። ገስ ሥራውን ለረዳቱ መተው ይችል ነበር። የሚገድልበትን መርፌ በገዛ እጁ መውጋት ስላለበት ይገባል፤ ወንበሩ ላይ የተጠመደው ቦምብም ይፈነዳል። ጠላቱ ሄክተር ባይሆን ኖሮ እዚያ ክፍል ውስጥ አናገኘውም ነበር።

«ዴዝ ኖት» የተሰኘው አኒሜም (የጃፓን አኒሜሽን ተከታታይ) ይህንኑ በሁለተኛው ክፍል ያደርገዋል። ላይት ያጋሚ ስሙ የተጻፈበትን ሰው የሚገድል ደብተር ያለው ብልህ ተማሪ ነው። በቴሌቪዥን የቀረበ አንድ ሰው ሥራውን ክፉ ብሎ ሲያወግዝ ላይት በንዴት ስሙን ይጽፈዋል። ስርጭቱ ግን የታየው በጃፓን ካንቶ ክልል ብቻ ነበር፤ ኤል የተባለው መርማሪ ገዳዩ የት እንዳለ ያወቀው በዚህ ነው። ላይት ዝም ቢል ምንም አይነካውም ነበር። ፍትሕ ማለት እኔ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ግን ክፉ ሲባል ዝም ማለት አይችልም።

(የሚያፈጥ ዓይንና የእብደት ሳቅ አኒሜ አብዝቶ የሚጠቀምባቸው ምልክቶች ናቸው። የሚሠሩት ቀድሞ የተረጋጋ ሰው ካየን ብቻ ነው። መምህርትሽ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ትጮኻለች ብዬ እጠረጥራለሁ።)

አሁን ወደ እሷ። ትልቁ ችሎታዋ ምንድን ነው? እኔ ብሆን ጆሮዋን እመርጣለሁ። ተማሪው አንዲት ኖታ ሲስት ከሌላ ክፍል ሆና የምታውቅበትን ትዕይንት ጻፊ። ልጁም በእሷ እጅ የምር ይሻሻል፤ ተመልካቹ «እውነቷን ነው» ብሎ ለአፍታ ከጎኗ ይቁም። ከዚያ ያ ሁሉን የሚሰማ ጆሮ አንድ ነገር መስማት ይቃተው፦ ልጁ በዝግታ «በቃኝ» ሲላት። እዚያ ቦታ ላይ ልትለቀው የምትችልበት ቀላል መንገድ መኖር አለበት፤ ምርጫ ከሌላት አንፈራትም። የልጅነት ገጾቹን አውጪያቸው።

ስለ ሥራው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በቴሌቪዥን የጸሐፊዎች ቡድን ውስጥ ጀማሪ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው የፈጠረውን ገፀ ባሕርይ ነው። በአኒሜም ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከማንጋ፣ ማለትም በሥዕል ከሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ፣ ይመጣል፤ «ዴዝ ኖት» ከ12 ጥራዝ ማንጋ ወደ 37 ክፍሎች ሲሸጋገር የትኛው ክስተት በየትኛው ክፍል እንደሚወድቅ የሚወስን ጸሐፊ ነበረው። ስለዚህ የሌላ ሰው ታሪክ የት ላይ እንደሚታጠፍ ማየት ራሱ የሚከፈልበት ችሎታ ነው። የምትወጂውን አንድ ክፍል መርጠሽ የእኩዩ ውሳኔ የት ላይ እንደተለወጠ በአንድ ገጽ ተንትኚና ከናሙናሽ ጋር ያዢው፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ይጠቅምሻል። የጽሑፍ ረዳትነትና ለኮምፒውተር ጨዋታዎች ታሪክ መጻፍንም ከዝርዝርሽ አትሰርዢ።

ከመላክሽ በፊት አዲሶቹን ትዕይንቶች «አታጓጓም» ካሉሽ መካከል ለአንዱ ስጪ። አስተያየት አትጠይቂው፤ ማንበቡን የት ላይ ሊያቆም እንደፈለገ ብቻ ያመልክትሽ።