የልጄ የደም ውጤት ለምን ከእኔ ተለየ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ2 ዓመት ከ4 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለታችንንም ጉንፋን ይዞን ሐኪም ቤት ስንሄድ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ታዘዘልን። የልጄ ነጭ የደም ሴል 11,800፣ ሊምፎሳይት 62 በመቶ፣ ኒውትሮፊል 28 በመቶ፣ ፕሌትሌት 468,000 ነው። ከጎናቸው ኤች እና ኤል የሚሉ ፊደሎች አሉ። የእኔ ደግሞ ነጭ የደም ሴል 3,700፣ ኒውትሮፊል 40 በመቶ፣ ፕሌትሌት 158,000 ይላል። ያየን ሐኪም «ምንም አይደል» ብሎ ሸኘን። ጎረቤቴ ግን ወረቀቱን አይታ «ሊምፎሳይት ሲበዛ የደም ካንሰር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» ካለችኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። የእናትና የልጅ ደም እንዲህ ይለያያል?
የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይተኙ። የጻፉልኝ ቁጥሮች የደም ካንሰር አያስጠረጥሩም። ሐኪሙ የተናገረው ልክ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ጨምሮ ቢያስረዳዎት ግን ይሄ ሁሉ ጭንቀት ባልመጣ ነበር።

እነዚያን ፊደሎች የሚያትመው ማሽኑ ነው። ኤች ከፍ ብሏል፣ ኤል ዝቅ ብሏል ለማለት ነው። ማሽኑ የሚያወዳድረው ከተሞላለት መለኪያ ጋር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሞላለት ደግሞ የአዋቂ ሰው መለኪያ ነው። የ2 ዓመት ልጅ ደም በ30 ዓመት ሰው ሚዛን ሲለካ ያልሆነ ነገር ቢያወጣ አይገርምም።

ከሊምፎሳይቱ እንጀምር። ሊምፎሳይትና ኒውትሮፊል ሁለቱም የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች ናቸው። ልጅ ሲወለድ በደሙ ውስጥ የሚበዙት ኒውትሮፊሎች ናቸው። ባክቴሪያን ቀድመው የሚጋፈጡት እነሱ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ነገሩ ይገለበጥና ሊምፎሳይቶች ይበልጣሉ። እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ድረስም እንደበለጡ ይቆያሉ። ከዚያ ኒውትሮፊሎቹ እንደገና ቀድመው የአዋቂውን መልክ ይይዛሉ። ስለዚህ የእርስዎ ልጅ 62 በመቶ ለዕድሜው ኖርማል ነው። እንዲያውም ይህ ውጤት የአንድ አዋቂ ወንድ ቢሆን ኖሮ ነበር ቀጠሮ የምሰጠው። የነጭ የደም ሴሉ ጠቅላላ ቁጥርም ቢሆን የአዋቂ ጣሪያ 11,000 ገደማ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ግን እስከ 17,000 ቢደርስ አያስደነግጥም።

ለምን ሊምፎሳይት ይበዛል? ለልጅ ሁሉም ነገር አዲስ ስለሆነ ነው። የእርስዎ ሊምፎሳይቶች ብዙዎቹ ከዚህ በፊት ያገኙትን ጀርም ያስታውሳሉ። የልጅዎ ግን ገና ብዙ አላዩም፤ ትምህርት ቤት እንደገባ ተማሪ ናቸው። ከእናት በእንግዴ ልጅ በኩል የተሰጠው መከላከያ ደግሞ በግማሽ ዓመት አካባቢ አብዛኛው ያልቃል። ለዚህ ነው ጤነኛ ሕፃን በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን የሚይዘው። «ልጄ ሁልጊዜ ይታመማል» ከሚሉኝ እናቶች የአብዛኞቹ ልጆች ትምህርት ላይ ናቸው።

የሊምፎሳይቶቹ ማሰልጠኛ ቲመስ ይባላል፤ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለ እጢ ነው። በልጅነት ትልቅ ነው፣ ከጉርምስና በኋላ እየከሰመ ይሄዳል። በሕፃን ራጅ ላይ የጀልባ ሸራ የመሰለ ጥላ ሠርቶ ይታያል። ተማሪ ሳለሁ አንዱን እንደ ካንሰር ዕጢ ቆጥሬ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር።

ይሄ ልዩነት ክትባትንም ይነካል። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ የኒሞኮከስ ባክቴሪያን የስኳር ልባስ ብቻውን ቢሰጡት አካሉ ደህና ምላሽ አይሰጥም። ልባሱ ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ሲሰጥ ግን ይሠራል። በአገራችን ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጠው የሳንባ ምች ክትባት እንዲህ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ፕሌትሌት፣ ማለትም ወደ ደም አርጊዎቹ። እዚህ ላይ መለኪያው ለልጅም ለአዋቂም ተቀራራቢ ነው፤ ከ150,000 እስከ 450,000። የእርስዎ 158,000 ውስጡ ነው። የልጅዎ ትንሽ አልፏል፤ ልጆች ላይ ግን ኢንፌክሽን ሲኖር ፕሌትሌት ቶሎ ይወጣል፣ ሲድኑም ይወርዳል። ሌላው ምክንያት የአይረን እጥረት ነው። ልጅዎ ምግብ እየገፋ የላም ወተት ብቻ የሚጠጣ ከሆነ፣ ወይም ከምግብ ጋር ሻይ የሚሰጡት ከሆነ፣ ሄሞግሎቢኑንም ሐኪሙ ይይልዎት።

የአራስ ልጅ ፕሌትሌት ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ቁጥሩ የአዋቂ ያህል ሆኖ ሥራ ላይ እንቅልፋም ነው፤ ሲቀሰቅሱት ቶሎ አይነቃም። ሆኖም በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ልጅ በዚህ ምክንያት አይደማም። ቀይ የደም ሴሉ ብዙ ነው፣ ፕሌትሌትን ከተጎዳው የደም ሥር ጋር የሚያጣብቀው ፕሮቲንም ጠንከር ያለ ነው። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ሲወለዱ የሚወጉት ቫይታሚን ኬ ለፕሌትሌት አይደለም፤ ደም ለሚያረጉ ሌሎች ፕሮቲኖች ነው።

ፕሌትሌት ሲያንስ ነው በልጅና በአዋቂ መካከል ትልቁ ልዩነት የሚታየው። አንድ ልጅ ጉንፋን ይዞት ይድናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እግሩ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጥቦችና ሰማያዊ በለዞች ይወጣሉ። ሲለካ ፕሌትሌቱ 15,000 ሆኖ ይገኛል። የሰውነቱ መከላከያ ቫይረሱን ሲያሳድድ ተሳስቶ የራሱን ፕሌትሌት መምታት ጀምሯል ማለት ነው። ያስደነግጣል። ግን አብዛኞቹ ልጆች በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ፤ የማይደማውን ልጅ ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት እየተከታተልን ብቻ እንጠብቃለን። አዋቂ ላይ ይኸው በሽታ ቀስ ብሎ ይጀምርና አልላቀቅም ይላል። ስለዚህ ኤችአይቪን፣ የጉበት ቫይረስን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የጣፊያን ማበጥ እንፈልጋለን። ወባም በልጅም በአዋቂም ፕሌትሌትን ያወርዳል፤ ትኩሳት ያለው ሰው ከቆላ ከመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የምናየው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ እየታገለ ደም ሲቀዳ አንዳንዴ ደሙ ብልቃጡ ውስጥ ይረጋል። ማሽኑ የተጣበቁትን ፕሌትሌቶች አይቆጥራቸውም፣ ውጤቱም በሐሰት ያንሳል። እንዲህ ያለ ውጤት ቢመጣ ከመደንገጥዎ በፊት ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ።

የእርስዎ ነጭ የደም ሴል ማነስስ? 3,700ን በ40 በመቶ ስናሰላ 1,480 ኒውትሮፊል ይሆናል። መጽሐፍ ዝቅተኛ ወሰን ከሚለው 1,500 ትንሽ ያንሳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በተፈጥሯቸው ኒውትሮፊላቸው ዝቅ ያለ ነው፤ እስራኤል ባሉ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይታወቃል። ቀይ የደም ሴል ላይ ዳፊ የሚባል ምልክት ካለመኖሩ ጋር የተያያዘ የዘር ጉዳይ እንጂ በሽታ አይደለም። በተጨማሪ ጉንፋኑ ራሱ ለጊዜው ሊያወርደው ይችላል።

ልጅዎ ሳይወድቅ የሚበልዝ ከሆነ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው እየደማ ካላቆመ፣ ከገረጣ፣ ትኩሳቱ ከሳምንት ካለፈ፣ አጥንቴን ካለ፣ አንገቱ ላይ እያደገ የሚሄድ እብጠት ወይም የሆድ መነፋት ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት። ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ አስፕሪን አይስጡት።

ያ ሁሉ ከሌለ፣ ጉንፋኑ ከለቀቃችሁ ከአንድ ወር በኋላ እዚያው ላብራቶሪ ይድገሙት፤ የልጁ ዕድሜ መሞላቱን አይተው። የእርስዎን ቁጥር ከድሮ ውጤትዎ ጋር ያስተያዩ። የእርግዝና ክትትል ወረቀትዎን ግን ለዚህ አይጠቀሙበት፤ ያኔ ነጭ የደም ሴል ከፍ፣ ፕሌትሌት ደግሞ ዝቅ ስለሚል ያሳስትዎታል።