ኮርማው ሲጮህ መልሰው አይጩሁበት

«የኤልክ (የሰሜን አሜሪካው ትልቅ አጋዘን) ኮርማ ሲጮህ ስሰማ መልሼ ልጩህበት ወይስ ዝም ብዬ ልጠጋው? ድምፁን አስመስሎ ለመጥራትስ የትኛውን መጥሪያ ልግዛ?» ሲሉ ለጠየቁት ወንድማችን፦

ይህንኑ ጥያቄ የሚመልስልኝ ሰው አጥቼ ሁለት የአደን ወቅቶች በከንቱ ስላለፉብኝ፣ እርስዎም በዚያው እንዳይቃጠሉ የደረሰብኝን ልጻፍልዎ። እንደ እኔ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ኦሮራ ወይም ዴንቨር የሚኖሩ፣ ከሥራ የሚተርፍዎ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሆነ፣ በቀስት የሚያድኑ ሰው እንደሆኑ እገምታለሁ። ስለ አደን ፈቃድ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኮሎራዶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት አለበት። እኔ ይህን የሰማሁት ረጅም ሰልፍ ከጠበቅኩ በኋላ ሲሆን፣ በመስኮቱ የነበረችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች።

አንደኛ፣ ጊዜውን ይወቁ። የቀስት አደን በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሰሞን ተጀምሮ በመስከረም 20 ገደማ ያበቃል። ኮርማዎቹ በእንቁጣጣሽ ሳምንት አልፎ አልፎ ቢሰሙም፣ የስሪያው ወቅት ጦፎ ሸለቆው በጩኸት የሚናወጠው መስቀል ሲደርስ ነው። ከሥራ የሚወስዱትን የዓመት ዕረፍት ለዚያን ጊዜ ያቆዩት።

ሁለተኛ፣ ድምፆቹን ይለዩ። የኮርማው ጩኸት እንደ በሬ ማጓራት በወፍራም ድምፅ ይጀምርና ወደ ቀጭን ፉጨት ወጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ከደረት በሚወጣ «ኡህ፣ ኡህ፣ ኡህ» ይዘጋል። ላሟ በአፍንጫዋ «እዩው» የምትል አጭርና ለስላሳ ድምፅ አላት፤ የጥጃዋ ከዚያም ይቀጥናል። ከሁሉ በላይ ሊያውቁት የሚገባው ግን እንደ ውሻ ጩኸት ድንገት የሚፈነዳው ነጠላ ድምፅ ነው፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ እሱን ከሰሙ አንዱ አይቶዎታል ወይም ጠረንዎን አግኝቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነፋስ ነበር፤ ነገር ግን እሱን ከመጻፌ በፊት ያ የመጀመሪያው ዓመት ኮርማ ትዝ አለኝ። የአደን ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው «በጮህክ ቁጥር ይቀርብሃል» ብሎ ረጅም የመጥሪያ ቱቦ ከሦስት መጥሪያ ጋር ከመቶ ዶላር በላይ ሸጦልኝ ነበር። በዋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን፣ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ገና ሳይነጋ ሁለት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት አንድ ኮርማ ጮኸ። በቱቦው መለስኩለት፤ እሱም መለሰ። ከአውሬ ጋር የተነጋገርኩ ስለመሰለኝ በደስታ ሰክሬ ደጋገምኩት። የእሱ ድምፅ ግን በእያንዳንዱ መልስ እየራቀ ሄደ። ሲነጋ በተራራው ጫፍ ላይ የላሞቹ ነጣ ያለ ቂጥ በሰልፍ ሲያልፍ ታየኝ፤ እሱ ከኋላ አንገቱን ዘርግቶ፣ ቀንዱን ወደ ጀርባው ጥሎ ይነዳቸዋል። ላሞች የያዘ ኮርማ ብርቱ ተቀናቃኝ የመጣ ሲመስለው፣ ብዙ ጊዜ ከመዋጋት ይልቅ ላሞቹን ሰብስቦ መሸሽን ይመርጣል። ሻጩ ይህን አያውቅም ነበር ለማለት ይከብደኛል። (በዚያው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስመላለሰው የቆየሁት ሌላ «ኮርማ» ደግሞ ቱቦ የያዘ አዳኝ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለታችንም ተሳስቀን ተለያየን።)

በሁለተኛው ዓመት ቱቦውን ትቼ በላሟ ድምፅ ብቻ ጠራሁ፤ የጎደለኝም ያ ያልጻፍኩልዎ ነፋስ ነበር። በተራራ ላይ አየሩ ማለዳ ወደ ታች ይፈስሳል፣ ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ ደግሞ ወደ ላይ ይገለበጣል። አንድ ጎረምሳ ኮርማ ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ፣ እኔ ፊት ለፊት ስጠብቀው በጎን ዞሮ ጠረኔ በሚነፍስበት በኩል ቆመ። ያችን የውሻ ጩኸት የሰማሁት ያኔ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ከጓደኛዬ ጋር ወጣን። እሱ ከኋላዬ ሃምሳ ሜትር ያህል ርቆ ሦስት ጊዜ ብቻ በላሟ ድምፅ ጠራ፤ ከዚያ መንጋ የሚሰማራ እንዲመስል በእግሩ ጭራሮ እየሰበረ ዝም አለ። ኮርማው ድምፁን ወደ ሰማበት ስለሚሄድ ዓይኑም ጆሮውም እኔን አልፎ ወደ እሱ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም አልተሰማም። ጓደኛዬ ተነሥቶ ሊመጣ ሲል፣ መጀመሪያ የቀንዱ ጫፍ፣ ቀጥሎ ከአፍንጫው የሚወጣው እንፋሎት በዛፎቹ መካከል ታየኝ። በሃያ አምስት ሜትር ቀስቴን ለቀቅኩበት። ሥጋውን በአራት ምልልስ ተሸክመን አወረድነው፤ የዚያ ዓመት መስቀል በእኛ ቤት የሱቅ ሥጋ አልገባም።

ስለ መጥሪያው፣ ከላንቃ ጋር የሚጣበቀው ስስ ጎማ እጅን ነፃ ስለሚተው በቀስት ለሚያድን ሰው የተሻለ ነው፤ ሆኖም እስኪለምዱት ያቅለሸልሻል። ወደ ሥራ ሲሄዱ መኪና ውስጥ ይለማመዱት፤ ባለቤቴ «ጥጃ ገዛህ ወይ?» እስክትለኝ ድረስ እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ረጅሙን ቱቦ ግን አይግዙ። የእኔ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧልና፣ የግድ ካሉ መጥተው ይውሰዱት።