ልጄ እየሰማ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። አንድ ነገር ሳዝዘው እየሰማ እንዳልሰማ ይሆናል። አምስት ጊዜ ጠርቼው፣ ጮኼበት፣ አንዳንዴም በጥፊ መትቼው ነው የሚነሣው። አንዳንድ ቀን ግን በአንድ ቃል ይታዘዛል። እልኸኛ ሆኖብኝ ነው ወይስ በሽታ አለበት?

መልስ፦ እመቤቴ፣ “አንዳንድ ቀን በአንድ ቃል ይታዘዛል” ያሉት ነገር አሳስቦኛል። እልኸኛ ነው ብለው ከመፍረድዎ በፊት ጆሮውን ያስመርምሩ። ልጆች ጉንፋን ከያዛቸው በኋላ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ነገር ግን ድምፅን ያፍናል። ፈሳሹ ሲበዛ መስማት ይቀንሳል፣ ሲጎድል ይመለሳል። ትናንት የሰማ ልጅ ዛሬ ሳይሰማ ሲቀር ታዲያ ለወላጅ ንቀት ይመስላል። በእናንተ አገር ብርዱ ሲጠና በር ተዘግቶ ኩበትና ከሰል ይነድዳል፤ ጭሱም ልጆችን ለጆሮ ሕመም ያጋልጣል።

ከጀርባው ሆነው በለሆሳስ ሲጠሩት ካልዞረ፣ ደጋግሞ “ምን?” ካለ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ካደረገ ወይም ጆሮው ከመገለ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አይጨምሩበት። ጥፊውን ደግሞ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ጆሮ ላይ ያረፈ ጥፊ ታምቡር ሊበሳ ይችላል።

ጆሮው ደህና ከሆነ አነጋገርዎን እንይ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ካርዳቸውን ከቦርሳ እየፈለጉ፣ “በሩን ዝጋ፣ ጃኬትህን አውልቅ፣ ለዶክተር ሰላምታ ስጥ፣ ደግሞ ዕቃ እንዳትነካ!” አሉት። ልጁ የጃኬቱን ዚፕ እንደያዘ ቀረ። ነፋሱ በበሩ ይገባል። ሊቆጡት ሲሉ ከወንበሬ ተነሥቼ ፊቱ ቁጢጥ አልኩ። በስሙ ጠራሁት፤ ዓይኑን እስኪሰጠኝም ጠበቅኩ። “በሩን ዝጋ” ብዬ ዝም አልኩ። ሄዶ ዘጋው። “በሩን ወዲያው ስለ ዘጋህልን ጎበዝ!” ስለው ፊቱ በራ።

በዚህ ዕድሜ አራት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ መያዝ ከባድ ነው። ስለዚህ አንዱን ይንገሩት፣ ሲጨርስ ሌላውን። “አትሩጥ” ከማለት “በዝግታ ሂድ” ይበሉት። ምርጫ የሌለውን ነገር “ትመጣለህ?” ብለው አይጠይቁት፤ “አይ” ቢል መልስዎ ምን ሊሆን ነው? ተናግረው ሲጨርሱ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ካልተነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙለትና የሚከተለውን ይንገሩት፦ “መጫወቻህን ካልሰበሰብክ ዛሬ ቴሌቪዥን አይከፈትም።” ያሉትንም ያድርጉት፣ ቢያለቅስም።

“ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል” ብለው ግን እባክዎ አያስፈራሩት። ታሞ ሲመጣ ፈርቶን የሚያለቅስ ልጅ መመርመር ለእኛም ለእሱም መከራ ነው።

በጨዋታ መካከል ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዞ የሚቀር፣ ሲነኩት እንኳ የማይመልስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንዳንድ የሚጥል በሽታ እንዲህ ይታያልና ሳይዘገዩ ያሳዩት። መምህሩንም ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ ይጠይቁ። ለሐኪሙ ያንን ለእኔ የጻፉትን፣ አንዳንድ ቀን በአንድ ቃል እንደሚታዘዝ፣ ሳይረሱ ይንገሩት።