መልስ፦ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ የፈሰሰ የዶሮ ወጥ

እህቴ፣ «በረኪና ላድርግበት?» ላልሽው፣ በፍጹም! በረኪና የጥለቱን ቀለም ይበላዋል፤ ፈትሉንም ያሳሳዋል። የእኔ ነጠላ ጥለቱ ገርጥቶ የቀረው በዚሁ ጥድፊያ ነው።

የበርበሬው ቅላት የሚሟሟው በቅባት ስለሆነ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም። ሳታሺው ወጡን በማንኪያ ጠርገሽ አንሺ፤ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በደረቁ ቀቢውና 15 ደቂቃ ያህል አቆይተሽ ለብ ባለ ውሃ እጠቢው። አንድ ጊዜ ካልበቃ ድገሚው። ቢጫ ጥላ ቢቀር አትደንግጪ፤ ጥለቱን በጨርቅ ሸፍነሽ እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ብርሃኑ የበርበሬን ቀለም ያደበዝዘዋል። የደሴ ደመና አልገለጥ ካለሽ ኮምቦልቻ ዘመድ አይጠፋሽም፤ እዚያ ፀሐዩ አይሰስትም። ካውያ ግን እድፉ ፈጽሞ ሳይለቅ እንዳታስነኪው።